ድሬዳዋ ወይስ አዳማ? ቤተሰብ ይዞ ከአዲስ አበባ ለሚወጣ የሕግ ምክር

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ዘንድሮ 7ኛ ክፍልን ይጨርሳል፤ ትንሿ 2ኛ ክፍል ናት። ባለቤቴ የሚሠራበት የግል ድርጅት ሥራውን ወደ ድሬዳዋ ስለሚያዛውር አብሮ እንዲሄድ በደብዳቤ ተጠይቋል። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ስሆን አዳማ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ሆኗል። ከተጋባን በኋላ በዕጣ የደረሰን፣ በእኔ ስም የተመዘገበ ኮንዶሚኒየም አለን፤ የባንክ ዕዳው አላለቀም። ሐሳባችን ቤቱን ለአንድ ዓመት አከራይተን፣ የዓመቱን ኪራይ በቅድሚያ ተቀብለን ለመዘዋወሪያ ማዋል፣ ኑሮው ካልተስማማን ደግሞ መመለስ ነው። በሕግ በኩል ሲታይ የቱ ከተማ ይሻለናል?

መልስ፦ ከተማውን ከመምረጣችሁ በፊት የቤቱን ነገር እናንሳ። ድሬዳዋንም መረጣችሁ አዳማን፣ ያሰባችሁት የኪራይ ዕቅድ አሁን ባለው ሕግ አያስኬድም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ እየተሠራበት ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መቀበል አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ስለዚህ የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ የጉዞ ወጪ መሸፈን የሚባለው ሐሳብ ከወዲሁ ይቅር። ከዚህ የሚብሰው ግን የመመለሱ ጉዳይ ነው። ተከራይ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ እናንተ ግን «ለራሳችን ፈለግነው» ብላችሁ በስምንተኛው ወር ልታስወጡት አትችሉም። ተከራዩ በፈቃዱ ካልተስማማ ወይም ውሉን የሚያፈርስ ጥፋት ካልሠራ የ2 ዓመቱ ጊዜ ያስራችኋል። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አዲሱ ከተማ ሳይመቸው ቀርቶ ሲመለስ የራሱ ቤት በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይጠብቀዋልና ሌላ ቤት ሊከራይ ይገደዳል።

መሞከር ከፈለጋችሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤቱን አታከራዩት። የምታምኑት ዘመድ ያለ ክፍያ ይጠብቀው፤ ያለ ኪራይ የሚኖርበት መሆኑንና በምን ያህል ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚለቅ በአጭር ጽሑፍ ተፈራረሙ። ጽሑፉ እውነት መሆን አለበት። በወር ጥቂትም ቢሆን የሚከፍል ከሆነ ነገሩ ኪራይ ነው፤ ሳያስመዘግቡ መያዝ ቅጣት ያመጣል። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ እየቀጠለ ቤቱ ያለ ገቢ መቆየቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። የምትሞክሩበት ጊዜ አጭር መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ሽያጭን ለጊዜው አታስቡት፤ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም በ5 ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ ገደብ አለበት፣ ዕዳው ሳያልቅም ያለ ባንኩ ፈቃድ አይተላለፍም። ለማከራየት ከወሰናችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የብድር ውሉን አንብቡ፤ ባንኩን ማሳወቅን የሚጠይቅ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል።

ቤቱ በእርስዎ ስም ቢሆንም በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ስለሆነ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን መሸጥ ብቻ ሳይሆን ማከራየትም የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ ብቻውን ቢያከራይ ሌላው ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ይህን ማድረግ ያለበት ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ሲሆን፣ ቢያውቅም ባያውቅም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ መብቱ ይቀራል። አንዳችሁ ቀድማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ለሚቀረው ውክልና ስጡ። ጠቅላላ ውክልና ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትን፣ ኪራይ መሰብሰብንና ዕዳ መክፈልን ያካትታል። መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ ሥልጣኑ በግልጽ ካልተጻፈ ሰነድ አረጋጋጩ አይቀበለውም።

ወደ ሥራው እንለፍ። ባለቤትዎ የተሰጠውን ደብዳቤ ደግማችሁ አንብቡት። ድርጅቱ ራሱ ቦታ እየለወጠ ነው ወይስ እሱ ብቻ ነው የሚዛወረው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 መሠረት ድርጅቱ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር ሠራተኛው አብሮ ለመሄድ ፈቃደኛ ካልሆነ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ አገልግሎቱ እስከ 1 ዓመት ለሆነ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ላይ እየሠራ እሱን ብቻ የሚያዛውረው ከሆነ ግን መልሱ በቅጥር ውሉና በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ነው። የሥራ ቦታ በቅጥር ውል ውስጥ ከሚገለጹት ነጥቦች አንዱ ነው፤ «አዲስ አበባ» ብሎ የተዋዋለን ሠራተኛ በአሠሪው ፍላጎት ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሠራ ማስገደድ ያከራክራል። አልሄድም ብሎ ከተሰናበተና ስንብቱ ሕገወጥ ነው የሚል ከሆነ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ ጊዜ በሽምግልና እየተጉላላ የሚያልፍባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

አብሮ ከሄደ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ የዓመት ፈቃዱና የአገልግሎት ዘመኑ እንዳለ ይተላለፋል። ይህን ግን በአፍ አትቀበሉት። የዝውውር ደብዳቤው ላይ ደመወዙ፣ የመጀመሪያው የቅጥር ቀንና የመጓጓዣ ወይም የመቋቋሚያ ክፍያው ይጻፍ። ድርጅቱ አዲስ ውል አስፈርማለሁ ካለ አደጋው እዚያ ነው፤ ቀኑ ካልተጠቀሰ የዓመታት አገልግሎት እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

የእርስዎ የአዳማ ቅጥር በተቃራኒው ከዜሮ ይጀምራል። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ይህ ወደ ሁለት ወር ተኩል ይጠጋል። በዚህ ጊዜ አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደሉም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ስለዚህ ለአዳማው ሥራ ሲባል ልጆችን ከትምህርት ቤት ማውጣት ወይም ቤት ማከራየት የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ ይቆይ። አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ለሁለት ወር መመላለስ ወይም ሳምንቱን እዚያ አድሮ ቅዳሜ መመለስ ይቻላል። ድሬዳዋ ላይ ይህ አይታሰብም። ፋብሪካው ቀደም ሲል በሌላ ቦታ የሠሩበትን ልምድ አይቶ የሙከራ ጊዜውን እንዲያሳጥርልዎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያውን ነው። አሁን ያሉበትን ሥራ ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። ዝም ብለው ከቀሩ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባዎ ክፍያ፣ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ጭምር፣ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

አሁን ከተሞቹን እናነጻጽር። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነ የከተማ አስተዳደር ነው። ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ለእናንተ ግን የሚያመጣው ለውጥ አለ። አዲስ አበባ ላይ የሚገዛችሁ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እዚያም ይገዛችኋል። የፌዴራል ፍርድ ቤት እዚያው ያስችላል፤ የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 922/2008) ይሠራል። ውክልናችሁ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃችሁ ያለ ትርጉም ተቀባይነት አላቸው። የኪራይ አዋጁም እዚያ ይሠራል፤ ስትከራዩ የ2 ወር ቅድሚያ ክፍያ ጣሪያና የ2 ዓመት ዋስትና በእናንተ በኩል ይቆማሉ።

አዳማ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናት። ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ጋብቻችሁ የጸና ሆኖ ይቀጥላል፣ ዝርዝሩ ግን ለወደፊት የሚነሳውን ክርክር ሊነካ ይችላል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በክልሉ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት የአማርኛ ሰነድ ለማቅረብ ትርጉም ሊያስፈልግ ይችላል። ከመካከላችሁ አፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የሚችል ካለ ነገሩ በጣም ይቀላል፤ ከሌለ በየጊዜው የትርጉም ወጪና ጊዜ መድቡ። የኪራይ አዋጁን በተመለከተ በክልል ከተሞች የትኞቹ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። አከራዩ የ6 ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ቢጠይቃችሁ «ሕገወጥ ነው» ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ቤቱ ያለበት ቀበሌ ሄዳችሁ የኪራይ ውል ይመዘገብ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተመዘገበ የሚጠብቃችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የራሳችሁ ውል ብቻ ነው። እንግዲያው ዋጋው መቼና በምን ያህል እንደሚጨምር፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው ስንት ወር እንደሆነ፣ ውኃና መብራት በማን ቆጣሪ እንደሚከፈል በጽሑፍ አስፍሩ።

በሁለቱም ከተማ በመጀመሪያው ዓመት ቤት እንዳትገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። አዲስ መጤ ላይ በብዛት የሚደርሰው ጉዳት በመንደር ውል የተገዛ የዳር መሬት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723)። ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ብሩን ይወስዳል እንጂ ካርታ አያመጣም።

ከሕጉ ሁሉ በላይ ይህን ምርጫ የሚወስነው የትልቁ ልጃችሁ 8ኛ ክፍል ይመስለኛል። የ8ኛ ክፍል ፈተናን የሚሰጡት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው፤ ተማሪው የሚመዘገበውም በሚማርበት ቦታ ነው። በዓመቱ መካከል ከተዛወረ ምዝገባው ይበላሻል። ስለዚህ ዝውውሩ በክረምት ያልቅ ወይም ፈተናው እስኪያልፍ አንድ ዓመት ይቆይ። ኦሮሚያ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ አዳማ ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም ቦታቸው ውሱን ነው። ድሬዳዋ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚሰጥ ትምህርት አለ። የቤት ኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ልጁ የሚቀበለውን ትምህርት ቤት ሄዳችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማርና በየትኛው እንደሚፈተን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀበሉ። ትንሿ በቀላሉ ትለምዳለች።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ትልቁ ልጅ አዳማ ላይ በአማርኛ የሚማርበት ቦታ በጽሑፍ ካላገኛችሁ ድሬዳዋን ምረጡ። የባለቤትዎ አገልግሎት ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ሰነዶቻችሁና ሕጉ ያው ናቸው፣ የሒሳብ ሙያዎም ድሬዳዋ ላይ የሚፈለግ ነው። ቦታውን ካገኛችሁ ግን፣ የባለቤትዎ ዝውውር በውሉ መሠረት የሚያስገድደው ካልሆነ፣ አዳማ ለመመለስ ቀላል ስለሆነች ትመረጣለች። አንዳችሁ ድሬዳዋ፣ ሌላችሁ አዳማ የሚለውን ለረጅም ጊዜ አልመክርም። ሕጉ ባልና ሚስት ተስማምተው ለጊዜው ተለያይተው እንዲኖሩ ይፈቅዳል፤ የጋራ ሀብቱም ደመወዙም የጋራ እንደሆነ ይቀጥላል። ሁለት ቤት ኪራይና የኮንዶሚኒየም ዕዳ በአንድ ላይ ግን ከባድ ሸክም ነው። መኖሪያን መወሰን የሁለታችሁ የጋራ ሥልጣን ነው፤ የአንዳችሁ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሌላውን አያስገድድም።

የነዋሪነት መሸኛ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። መሸኛ ከወረዳችሁ ካወጣችሁ በኋላ የአዲስ አበባ መታወቂያችሁ ይመለሳል፤ ሐሳባችሁን ብትለውጡ እንደገና ከአዲሱ ከተማ መሸኛ ይዛችሁ መጥታችሁ መመዝገብ ይኖርባችኋል። የሙከራ ጊዜው ሳያልፍ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ሳይገባ አታውጡት። የፋይዳ ቁጥራችሁና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ ከተማ ቢቀየርም ያው ናቸው። ቤቱን ካከራያችሁት የኪራይ ገቢ ግብር ይኖርባችኋልና የአድራሻ ለውጡን በ30 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎም አይቀየርም፤ አዲሱ አሠሪ በዚያው ቁጥር 11 በመቶውን ከራሱ፣ 7 በመቶውን ከደመወዝዎ እያስገባ መሆኑን ከመጀመሪያው ደመወዝ በኋላ ጠይቀው ያረጋግጡ።