ሌንስ ማሰርን ከመማርሽ በፊት ቪትሪየስን

ከሐረር የጻፍሽልን የሕክምና ኢንተርን ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «የዓይን ስፔሻሊስት መሆን እፈልጋለሁ። የተፈጥሮ ሌንሱን የሚይዘው ከረጢት በጠፋ ዓይን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ በያማኔ ዘዴ (ያለ ስፌት፣ የሌንሱን ሁለት ቀጫጭን እግሮች በመርፌ በዓይን ግድግዳ በኩል አውጥቶ) ሲታሰር በቪዲዮ አየሁ። ከአሁኑ ልለማመደው?»

አይ፣ ቆይ። እንዲህ ያለ ዓይን የሚገጥምሽ ብዙ ጊዜ በአደጋ ወይም ሱዶኤክስፎሊየሽን (ሌንሱ ላይ ነጭ ብናኝ የሚከማችበት በሽታ) ዞኑሎቹን፣ ማለትም ሌንሱን የያዙትን ቀጫጭን ክሮች፣ ሲያላላ ነው፤ እሱ ደግሞ አገራችን ላይ ብዙ ነው። ያኔ ቪትሪየስ፣ የዓይንን ውስጥ የሚሞላው ዝልግልግ ነገር፣ ወደ ፊት ይመጣል። እሱን ሳያጸዳ ከሌንሱ ጋር የሚታገል ሰው ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን) ይቀድዳል። ሬዚደንሲ ስትገቢ መጀመሪያ የሞራ ቀዶ ሕክምናን፣ ከዚያ አንቲሪየር ቪትሬክቶሚን (ወደ ፊት የመጣውን ቪትሪየስ ቆርጦ ማጽዳትን) አጥብቀሽ ያዢ።

ቪዲዮው ቀላል ያስመስለዋል እንጂ ያማኔ በሚሊሜትር የሚበላሽ ሥራ ነው። መርፌው 30 ጌጅ (የቅጥነት መለኪያ ነው)፣ ግድግዳው ግን ስስ መሆን አለበት፤ የተራው መርፌ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የሌንሱን እግር አያስገባም። የሚወጋው ከሊምበስ (የዓይን ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት ጠርዝ) 2 ሚሊሜትር ወደ ነጩ ርቆ፣ 180 ዲግሪ ተቃራኒ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ነው። በካሊፐር ለኪ፤ አንዱ 2 ሌላው 2.5 ከሆነ ሌንሱ ያዘነብላል፣ ታካሚው አስቲግማቲዝም ይዞ ይሄዳል። ዓይኑን እንደ ሰዓት ፊት ብታዪው 3 እና 9 ቁጥር ላይ አትውጊ፤ ረጃጅሞቹ የሲሊየሪ ደም ሥሮች በዚያ ስለሚያልፉ ይደማል። የሚታጠፈውና የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው እግር ነው፣ ወደ መርፌው ጠምዝዘው ሲያስገቡት። ወደ ውጭ የወጣው የእግሩ ጫፍ በካውተሪ (በሙቀት መተኮሻ) ሲሞቅ እንደ ሚስማር አናት ይደበለብላል። ያ አናት ስክሌራ (ነጩ የዓይን ግድግዳ) ውስጥ ካልተቀበረ ኮንጀንክቲቫን፣ በላዩ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ቀድዶ ይወጣል፤ ኢንፌክሽን የሚገባው በዚያ ነው።

ሌላው ነገር ሌንሱ ነው። ዘዴው ባለ ሦስት ቁራጭ ሌንስ፣ ማለትም ሁለቱ እግሮቹ ለብቻቸው ተሠርተው የተገጠሙለትን፣ ይፈልጋል። የምትመደቢበት ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ባለ አንድ ቁራጭ የፒኤምኤምኤ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሌንስ ብቻ ከሆነ የያማኔ ልምምድሽ ምን ይሠራል? እግሩ ላይ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ካለ በክር ይሰፋል፤ 10-0 የሚባለው ቀጭን የፕሮሊን ክር ከዓመታት በኋላ ሊበጠስ ስለሚችል ወፈር ያለው 9-0 ይመረጣል።

ለአሁኑ፣ ለጤና ሚኒስቴር የሬዚደንሲ ፈተና እያጠናሽ ጣትሽን አለማምጂ። ከቄራ የፍየል ዓይን በታረደበት ዕለት ውሰጂ፤ ካደረ ኮርኒያው (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ይደፈርስብሻል። የዓይን ክፍሉን አስፈቅደሽ ማይክሮስኮፕ ሥር ኮርኒያውን በ10-0 ናይለን ስፊ፣ ክሩ ሳይበጠስ አምስት ቋጠሮ እስኪወጣልሽ። ከሁሉም በፊት ግን የጥልቀት እይታሽን በስቴሪዮ ምርመራ አስለኪ። ሁለቱ ዓይኖችሽ አብረው የማያዩ ከሆነ ማይክሮስኮፕ ሥር መሥራት ይከብድሻል፤ ይህን ከማመልከትሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል።