መልስ፦ በሜጋኸርዝ ወይስ በሜጋቢት?
ወንድሜ፣ ጅማ ዞን ጌራ ላለው የቡና ማጠቢያችሁ የሳተላይት ኢንተርኔት ስትጠይቅ አንዱ ሻጭ በሜጋኸርዝ፣ ሌላው በሜጋቢት ዋጋ ለምን እንደሰጠህ ጠይቀሃል። ሁለቱ የሚሸጡት የተለያየ ነገር ነው፤ ሜጋኸርዝ የፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ) ስፋት መለኪያ ነው፣ ሜጋቢት ደግሞ በሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን፣ ማለትም የኢንተርኔቱ ፍጥነት።

የሳተላይት ባለቤት በመሠረቱ የሚያከራየው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ነው። ሳተላይቱ ላይ ትራንስፖንደር የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ። ከምድር የተላከውን ሲግናል ተቀብለው፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀይረውና አጉልተው ይመልሱታል። የአንዱ ስፋት ብዙ ጊዜ 36 ሜጋኸርዝ ነው። ትልልቅ ደንበኞች ሙሉውን ወይም ቁራጩን ለዓመታት ይከራያሉ። የኢትዮሳት ቻናሎች ኤስኢኤስ በተባለው ኩባንያ ሳተላይት ላይ የሚተላለፉት በዚህ ዓይነት ኪራይ ነው። ከሜጋኸርዙ ስንት ሜጋቢት እንደምታወጣ ግን የራስህ ጣጣ ነው፤ የሳህንህ ስፋት፣ ሞደምህና የሲግናሉ ጥራት ይወስኑታል።

በሜጋቢት የሚሸጥልህ ያንን ጣጣ ራሱ ይሸከምልሃል። ለእናንተ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ብቻ መስመሩን ስንት ደንበኛ እንደሚጋራው ጠይቅ። የዋጋው መርከስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዝቅተኛው ፍጥነትም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ባንዱንም፣ ማለትም ሳተላይቱ የሚጠቀምበትን የፍሪኩዌንሲ ክልል እይ። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ! ዝናብ ሲበረታ ኬዩ ባንድ ይዳከማል፣ ኬኤ ባንድ ይብሳል። ሲ ባንድ ይችለዋል፣ ሳህኑ ግን ትልቅ ነው። ደግነቱ የእናንተ ዋና ሥራ ከክረምት በኋላ ነው።

ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሆነ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለሪፖርትና ለኢሜይል ምንም አይልም፤ ስልክ ስታወራበት ግን ይታወቅሃል።