ባሌን ትቼ ብወጣ እግዚአብሔር ይጣላኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከባለቤቴ ጋር በሥጋ ወደሙ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። መጠጥ ከያዘው አምስተኛ ዓመቱ ነው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራ ነበር፤ አሁን ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከሥራ ሲቀር ለአለቃው ደውዬ «አሞታል» የምለው እኔ ነኝ። የግሮሰሪ ዱቤውን የምከፍለውም እኔው ነኝ። ሁለት ጊዜ ተገዝቶ ሁለቴም አፈረሰ። ባለፈው ወር በልጆቹ ፊት መታኝ። እናቴ «ቻይው፣ የቆረብሽበት ትዳር ነው» ትለኛለች። ልጆቼን ይዤ ብወጣ እግዚአብሔር ይጣላኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይጣላሽም።

መምታቱን በአንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን አላልፈውም። ከሁሉ በፊት አንቺና ልጆችሽ ያለ ፍርሃት የምታድሩበት ቤት ይፈለግ። የእናትሽ ቤት ይሁን፣ የእህት ቤት ይሁን። ድጋሚ እጁን ካነሳ ለፖሊስ መናገር ባልን መክዳት አይደለም። ሲመቱ ዝም ማለት ትዕግሥት እየተባለ ብዙ ሴቶቻችን ተጎድተዋል። ጌታችን እንኳ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐ. 18፥23)። ትዕግሥትን ከእሱ የተማርን ሰዎች ይህንንም ከእሱ መማር አለብን።

አሁን ወደ ቃል ኪዳኑ። በቁርባን የጸና ትዳር እንደ ተራ ውል አይቀደድም፤ እናትሽ በዚህ ልክ ናቸው። ነገር ግን መለየትና መፋታት አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ ሚስት ከባልዋ አትለያይ ካለ በኋላ እዚያው ላይ ብትለያይ ግን ሳታገባ ትኑር ወይም ትታረቅ ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥10-11)። ሐዋርያው መለየት የግድ የሚሆንበት ቤት እንዳለ ያውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ እየጠቀስን ሴቶችን ለምን እንደምናስፈራራ አይገባኝም። ስለዚህ ልጆችሽን ይዘሽ ብትለዪ ቀለበትሽን ጥለሻል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ የፍቺን ነገር፣ በደብዳቤ የምፈርደው አይደለም። የንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁንም እያዩ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚታይ ነው። የልጆችን ቀለብ በሕግ መጠየቅ ግን ኃጢአት የለበትም።

ከመውጣትሽም በፊት ልትተዪው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለአለቃው የምትደውዪውን ስልክ ተዪ። ዱቤውንም መክፈል ተዪ።

ይህ ጭካኔ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ። ግን የጠፋውን ልጅ አባት አስቢው (ሉቃ. 15)። ልጁን ይወደዋል። መንገድ መንገድ ያያል፤ ገና ሩቅ ሳለ ያየው ለዚህ ነው። ሆኖም ወደ ሩቅ አገር ብር አልላከለትም። ለአሳማዎቹ ጌታ «ልጄን አሞታል» የሚል መልእክት አላደረሰም። ልጁ «ወደ ልቡ የተመለሰው» ረሀቡ ሲሰማው ነው። የአንቺ ባል እስከ ዛሬ ረሀቡ አልተሰማውም፤ በእሱ ፈንታ የምትራቢው አንቺ ነሽ። እሱ የጠጣበትን አንቺ ትከፍያለሽ፣ እሱ የቀረበትን ሥራ አንቺ ትዋሽለታለሽ። ፍቅር ሁሉን ይታገሣል የሚለው ምዕራፍ፣ ፍቅር ከእውነት ጋር ደስ ይለዋል ይላል (1ኛ ቆሮ. 13፥6-7)። ጸልዪለት፤ አትዋሺለት።

ይህንን ስትነግሪው ደግሞ ሰዓቱን ምረጪ። አቢግያን ታውቂያታለሽ (1ኛ ሳሙ. 25)። ዳዊት 400 ሰዎች አስከትሎ ቤቷን ሊያጠፋ ሲመጣ ባሏን ናባልን ሳታማክር ስንቅ ጭና ወጥታ ቤተሰቡን አተረፈች። ዳዊትም ምክሯን ባረከ እንጂ «ያለ ባልሽ ፈቃድ» አላላትም። ማታ ስትመለስ ናባል እጅግ ሰክሮ ነበር። እስኪነጋ አንዲት ቃል አልነገረችውም። የነገረችው ጠዋት፣ ወይኑ ከራሱ ከወረደ በኋላ ነው። አንቺም በስካሩ ሰዓት አትከራከሪው። ጠዋት ንገሪው፤ የሚያከብረው ሰው፣ ወንድሙ ወይም የንስሐ አባቱ፣ አጠገብሽ ይሁን። ባጭሩ ንገሪው። ያልሽውንም አድርጊው።

ስለ ግዝቱ። «ገዝቱኝ» ብሎ መጥቶ በሳምንቱ ያፈረሰ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ከመጠጡ ይልቅ ያፈረሰው ግዝት ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱን ለመርሳት ደግሞ ይጠጣል። ሦስተኛ ግዝት አትጠይቂለት። ንስሐ ይግባ፣ ይታከም።

ይታከም ያልኩት ለወጉ አይደለም። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ መጠጡን ለምዷል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን ድንገት ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ሊጥለው ይችላል፤ የሚሞትም አለ። ጸበል ቦታ ወስደን ዘግተን ስናስቀምጠው ይህን ሁሉ የርኩስ መንፈስ ጩኸት ብቻ አድርገን እናያለን። ስለዚህ ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው። አዲስ አበባ ካላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ፤ ሌላ ከተማም ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ለሐኪሙ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ እውነቱ ይነገረው። ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል (ሲራ. 38)። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበሉን አላቃለለም።

ምናልባት ይድናል። ምናልባት አንቺ ስትወጪ ብሶበት የባሰ ይጠጣ ይሆናል፤ ያኔ ሰዎች «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው» ይሉሻል። ያመጣሽው ሕመም አይደለም፤ የምትፈውሺውም አንቺ አይደለሽም። እንደ ሚስት የተጠየቅሽውን ዘጠኝ ዓመት አድርገሻል።

እናትሽን አትቀየሚያቸው። ይህን መልስ አንብቢላቸው፤ እሺ ካሉ አንድ ሳምንት እናንተ ጋ መጥተው ይደሩ። ሌሊቱን ያዩታል።

የባለቤትሽን የክርስትና ስም ለካህኑ ስጪ፣ በጸሎት ያስቡታል። ደብዳቤሽ ውስጥ የእሱ መንቀጥቀጥ አለ፣ የእሱ ዱቤ አለ፣ የእሱ ግዝት አለ። አንቺ በደህና በልተሽ የተኛሽበት ቀን ግን የለም። የራስሽንም ስም አብረሽ ስጪ።