«እግዚአብሔር አፍሪካን ይባርክ»ን ስለደረሰው ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መዝሙር አካል የሆነውን «ንኮሲ ሲኬሌል ኢአፍሪካ» («እግዚአብሔር አፍሪካን ይባርክ») ስለደረሰው ስለ ኢኖክ ሶንቶንጋ የጠየቃችሁኝን እነሆ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሥራው ሙዚቃ ነበር?

መልስ፦ አስተማሪ ነበር። በ1873 አካባቢ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ፣ ኢተንሃግ ውስጥ ከቆሳ ቤተሰብ ተወለደ። ሎቭዴል በተባለ የሚሲዮን ተቋም መምህርነት ተምሮ ጆሃንስበርግ አጠገብ ናንስፊልድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተመደበ። መዘምራን ይመራል፣ ዜማ ይደርሳል፣ ፎቶም ያነሳ ነበር።

ጥያቄ፦ ለአገር መዝሙርነት ብሎ ነው የጻፈው?

መልስ፦ ኧረ የለም። በ1897 ሲደርሰው ደቡብ አፍሪካ የሚባል አንድ አገር ራሱ አልነበረም። የተማሪዎቹ መዘምራን እንዲዘምሩት ነው የጻፈው፤ ጸሎት ነው። እሱ የጻፈው የመጀመሪያውን የግጥም አንጓና አዝማቹን ነው። ሌሎቹን አንጓዎች በኋላ ገጣሚው ሳሙኤል ምቃዪ ጨመረበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዴት እዚህ ደረሰ?

መልስ፦ በመዘምራን አፍ። የጆን ዱቤ ትምህርት ቤት መዘምራን ይዘውት ዞሩ። ጥር 8 ቀን 1912 ብሎምፎንቴይን ላይ፣ በኋላ ኤኤንሲ (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) የተባለው የጥቁሮች መብት ታጋይ ድርጅት ሲመሠረት ተዘመረ። በ1923 ደራሲው ሶል ፕላትጄ ለንደን ላይ በሸክላ አስቀረጸው። ታንዛኒያና ዛምቢያ ዛሬም ዜማውን ይዘውታል፣ ግጥሙን በየራሳቸው ቀይረው። ደቡብ አፍሪካ በ1994 ከአሮጌው የነጮች መንግሥት መዝሙር ጎን አቆመችው፤ በ1997 ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ስፌቱ ለኔ ጆሮ አሁንም ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ በቀጥታ አይገናኝም። በጎን ግን አንድ ነገር አለ። የሚስቱ የዲያና አባት የአሜሪካ ጥቁሮች የመሠረቷት የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካዊው ቄስ ማንጌና ሞኮኔ በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ያቋቋመው «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» በ1896 የተቀላቀለው ከዚችው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። ስሙን ያወጣው «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የዳዊት መዝሙር ነው።

ጥያቄ፦ ከመዝሙሩ ገንዘብ አገኘ?

መልስ፦ ምንም። ሚያዝያ 18 ቀን 1905 በሆድ ሕመም ሞተ፤ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ዲያና መብቱን በስድስት ፔንስ ሸጠችው ይባላል።

ጥያቄ፦ መቃብሩ ጠፍቶ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለብዙ ዓመታት። ፈላጊዎቹ በጆሃንስበርግ የብራምፎንቴይን መቃብር መዝገብ ላይ «ሶንቶንጋ» እያሉ ይፈልጉ ነበር። የተመዘገበው ግን «ኢኖክ» ተብሎ ነው! መስከረም 24 ቀን 1996 ማንዴላ መታሰቢያውን መረቁለት። የኛ ሰው ቢፈልገው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባገኘው፤ እኛ ማንን በአባቱ ስም ፈልገን እናውቃለን?