የታይላንዱ ጉዞ ግማሹ ተበላሸብን፤ ገንዘባችንን ማስመለስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን ነው። የተጋባንበትን 10ኛ ዓመት ለማክበር ኖቬምበርን ሙሉ ታይላንድ ውስጥ ከደሴት ደሴት ስንዞር ከረምን። በረራውን፣ ሆቴሉን፣ ጀልባውንና ሽርሽሩን አንድ ላይ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ነው የገዛነው፤ ለሁለታችን 6,600 ዩሮ፣ 30 ቀን። ኮህ ሳሙይ ላይ ስድስት ቀን ስናድር ከክፍላችን አጠገብ ግንባታ ነበር፤ ከንጋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መሰርሰሪያው ይጮሃል። በመጀመሪያው ቀን ለእንግዳ ተቀባዩ ነገርን፤ በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ለድርጅቱ ተወካይ በዋትስአፕ ቪዲዮ ላከ። ከዚያ ኮህ ታኦ ላይ በማዕበል ምክንያት ጀልባ ቆሞ ሁለት ቀን እዚያው ታገትን። ተወካዩ ስልክ ስላላነሳ ክፍሉን በራሳችን 4,200 ባት ከፈልን፤ ኮህ ፋንጋን ላይ የተያዘልን ሆቴል ግን ባዶውን አደረ። ዝናቡም አልለቀቀንም። ማያ ቤይ ላይ «ዋና» ተብሎ በፕሮግራሙ ቢጻፍም ስንደርስ መዋኘት ክልክል ነው ተባልን። በሌላ በኩል ክራቢ፣ ኮህ ፊፊና ኮህ ላንታ ላይ ያየሁትን ባሕር በሕይወቴ አላየሁም። ባለቤቴ «ጉዞው ገደል ገብቷል፣ ሙሉውን ይመልሱ» ይላል። እኔ ደግሞ «ደስ ብሎን መጥተን በምን አፋችን እንጠይቃለን?» እላለሁ። ድርጅቱ የ150 ዩሮ ቫውቸር ልኮልናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ይሉኝታው ነው። ያገሬ ልጆች እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው ሲመጡ የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው። አንዱ «ተመስገን፣ በሰላም ገባን» ብሎ ሁሉን ይተወዋል። ሌላው በንዴት ሁሉንም ይጠይቅና ባዶ እጁን ይቀራል። እናንተ ቤት ሁለቱም አሉ።

የጀርመን ሕግ ተደስታችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ምን ተሸጠላችሁ፣ ምንስ ተሰጣችሁ ነው ጥያቄው፤ እሱንም ቀን በቀን ነው የሚያየው። ስለዚህ ኮህ ላንታ ላይ እየሳቃችሁ የተነሳችሁት ፎቶ የኮህ ሳሙይን መሰርሰሪያ አያስረሳውም። ባለቤትዎም ላንታ ላይ በሰላም ለዋኘባቸው ቀናት ገንዘብ አያገኝም።

ሁሉንም አንድ ላይ መግዛታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ይህ «ፓውሻልራይዘ» የሚባለው ነው። እንዲህ ባለ ጉዞ ለሆቴሉም ለጀልባውም ተጠያቂው ገንዘባችሁን የተቀበለው አስጎብኚ ነው። «ጥፋቱ የታይላንዱ ሆቴል ነው» ብሎ አያመልጥም። ትኬቱን ከአንዱ፣ ሆቴሉን ከሌላው ለብቻ ለብቻ ገዝቶ የሄደ ሰው ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም፤ ታይላንድ ካለው ሆቴል ጋር ራሱ ይሟገታል።

ወደ ሳሙይ እንምጣ። የግንባታ ጫጫታ የጉዞ ጉድለት ነው፤ በዚህ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው «ነግራችኋል ወይ?» የሚለው ላይ ነው። ሕጉ ጉድለቱን ሳትዘገዩ ለአስጎብኚው አሳውቁ ይላል፤ ክፍል እንዲቀይርላችሁ ዕድል ሊያገኝ ይገባል። ጉዞውን የሸጠላችሁ ቢሮም መልእክቱን መቀበል ይችላል። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ግን አስጎብኚው አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ይጮሃል፣ ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወረቀት ላይ ግን ምንም የለም። እናንተን ያዳናችሁ የሦስተኛው ቀን ዋትስአፕ ነው። ቪዲዮው መሰርሰሪያውን ከነድምፁ ያሳያል፤ የተላከበት ሰዓትም ከሥሩ አለ። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ሌላ ቦታ አስቀምጡት፣ አደራ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ግን አልቆጥራቸውም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 6,600 ለ30 ሲካፈል በቀን 220 ዩሮ ይመጣል። በረራውም እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ጉድለት ለነበረበት ቀን የሚመለስላችሁ የዋጋ ቅነሳ የሚሰላው ከጠቅላላው ዋጋ ነው። ጠበቆች የምናየው «የፍራንክፈርት ሰንጠረዥ» የሚባል የቆየ መለኪያ አለ። ለቀን ጫጫታ ከ5 እስከ 25 በመቶ ይሰጣል። ዳኛን አያስገድድም፣ መነሻ ግን ይሆናል። 20 በመቶ ብንል ለአራት ቀን 176 ዩሮ ነው።

ዝናቡን በተመለከተ የምትጠይቁት ነገር የለም። ፀሐይ ማንም አልሸጠላችሁም። ኖቬምበር ላይ ሳሙይ፣ ፋንጋንና ታኦ የዝናባቸው ወቅት ነው፤ በምዕራቡ በኩል ያሉት ፊፊና ላንታ ደግሞ በዚያው ጊዜ መጥራት ይጀምራሉ። አንድ ወር ውስጥ ሁለት የተለያየ ጉዞ የሄዳችሁ የመሰላችሁ ለዚህ ነው።

ጀልባው ግን ከዝናቡ ይለያል። ጀልባው ተሸጦላችኋል። ድርጅቱ «ማዕበል የእግዜር ሥራ ነው» እንደሚላችሁ አልጠራጠርም። ይህ መልስ ከካሳ ያድነዋል፤ ከዋጋ ቅነሳ ግን አያድነውም። ቅነሳ የማንንም ጥፋት አይጠይቅም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 2023 ላይ ይህንኑ ወስኗል። በማርች 2020 ግራን ካናሪያ ሄደው በኮሮና እገዳ ክፍላቸው ውስጥ ለተዘጋባቸው ተጓዦች፣ አስጎብኚው ጥፋት ባይኖርበትም ዋጋ መቀነስ አለበት ብሏል።

ታኦ ላይ ማደሪያ መፈለግ የተወካዩ ሥራ ነበር። ደውላችሁ ካላነሳ፣ በራሳችሁ ያወጣችሁትን ተገቢ ወጪ ድርጅቱ ይመልሳል። 4,200 ባት ወደ 110 ዩሮ ይሆናል። የደወላችሁበትን የስልክ ዝርዝርና የሆቴሉን ደረሰኝ አያይዙ። ወጪው ከተመለሰላችሁ የፋንጋኑን ሆቴል ደግሞ ሙሉ ለሙሉ መጠየቅ አይሆንም። ለተበላሹት ሁለት ቀናት 25 በመቶ፣ ማለትም 110 ዩሮ ብትጠይቁ ያስኬዳል።

ማያ ቤይ ከ2018 ጀምሮ ኮራሉ እንዲያገግም ተዘግቶ በ2022 ነው የተከፈተው። ከተከፈተ ወዲህ ጎብኚ ውሃው ዳር እግሩን ይነክራል እንጂ አይዋኝም። ይህን ድርጅቱ ማወቅ ነበረበት፤ «ዋና» ብሎ ከጻፈ ያልነበረ ነገር ሸጧል። በቦታው ቅሬታ አለማቅረባችሁ እዚህ አይጎዳችሁም። ብትነግሩትም ክልከላውን ማንሳት አይችልም ነበር። የአንድ ቀን 20 በመቶ፣ 44 ዩሮ ጨምሩ።

ድምሩ 440 ዩሮ ነው። ዳኛው ከዚህ ሊያሳንስም ሊያበዛም ይችላል፤ 150 ዩሮ ቫውቸር ግን አነስተኛ ነው። ቫውቸር የመቀበል ግዴታም የለባችሁም፤ ቅነሳ በገንዘብ ነው የሚከፈለው። አብሮት የመጣውን ወረቀት በደንብ አንብቡ። «ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ቃል ካለበት እንዳትፈርሙ።

ለባለቤትዎ አንድ ቃል ልበል። ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ያንን ወር ስትቆጥብለት ከርመህ በመሰርሰሪያ ድምፅ መንቃት ያማል። «የባከነ የዕረፍት ጊዜ ካሳ» የሚባል መብትም አለ። እሱ የሚሰጠው ግን ጉዞው ክፉኛ ሲበላሽ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያስቡት የዋጋውን ግማሽ ያህል የሚያስቀንስ ጉድለት ነው። ያንተ የታኦው ወጪ ተጨምሮበትም ወደ ሰባት በመቶ ነው። 6,600 ዩሮ ጠይቀህ 440 ቢፈረድልህ የፍርድ ቤቱ ወጪ አብዛኛው አንተ ላይ ያርፋል።

በአንድ ወር ውስጥ ካላመለከታችሁ አለቀ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ያ ደንብ ከጁላይ 2018 ወዲህ የለም። ያላችሁ ጊዜ ጉዞው በውሉ መሠረት ካለቀበት ቀን አንስቶ ሁለት ዓመት ነው።

አሁን ለድርጅቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የጉዞውን ቁጥር፣ ቀኖቹን፣ አራቱን ሒሳቦችና የባንክ ቁጥራችሁን አስፍሩ፤ የሦስት ሳምንት ቀነ ገደብም ስጡ። በአደራ ፖስታ ላኩት። እምቢ ካሉ ለዚህ መጠን አምትስጌሪሽት (የአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። ድርጅቱ ያለበት ከተማ ድረስም መሄድ የለባችሁም፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጁላይ 2024 ላይ የውጭ አገር ጉዞ የገዛ ሸማች በሚኖርበት ከተማ መክሰስ እንደሚችል ወስኗል።

ጉዞውን ያስያዘው ባለቤትዎ ቢሆንም ደብዳቤው ላይ እርስዎም አብረው ይፈርሙ። በኋላ «እሷ ቅሬታ የላትም» እንዳይሉ።