በ10 ወሩ «ግራኝ» የተባለው ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። ልጄ 10 ወሩ ነው። ሁሉን ነገር በግራ እጁ ነው የሚይዘው፣ ቀኙን ጨብጦ ይውላል። አማቴ «ግራኝ ነው፣ ግራውን እሰሪለት» ይሉኛል። ወጌሻ ሁለቴ አሽቶታል። ከፋርማሲም የካልሲየም ሽሮፕ ገዝቼ እሰጠዋለሁ። ልሰርለት ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ማሰር ነው፤ የሚያስጨንቅዎት ግን «ልጄ ሽባ ሆኖ ይቀር ይሆን? ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ይመስለኛል። ምንም አላጠፉም። ማዘልዎም፣ በጎን ማስተኛትዎም ይህን አያመጣም። በዚህ ዕድሜ አንጎል ገና እየተማረ ስለሆነ፣ ቶሎ ከተጀመረ የደከመ እጅ ብዙ ሥራ ይለምዳል።

ግን በ10 ወሩ ግራኝ የሚባል ልጅ የለም። ዓመት ያልሞላው ልጅ ያገኘውን ሁሉ በሁለቱም እጁ ነው የሚቧጥጠው። አንዱን እጅ መምረጡ በደንብ የሚለየው ከዓመት ተኩልና ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ከዓመት በፊት በአንድ እጁ ብቻ የሚሠራ ልጅ ሲታይ «ቶሎ ለየ» ተብሎ አይታለፍም፤ ሌላኛው እጅ ምን ሆነ ተብሎ ይጠየቃል። ከ4 ወር በኋላም ጭብጡ የማይፈታ እጅ እንደዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እጁ ላይ ሳይሆን እጁን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ ነው። በእናንተ አገር ብርድ ደግሞ ልጅ በባና ተጠቅልሎ ስለሚውል፣ ወላጅ ሁለቱን እጆች አስተያይቶ ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ፀሐይ ላይ ያውጡትና ልብሱን ገልጠው ይዩት።

ወጌሻው ከዛሬ ጀምሮ ይቅር! የወለቀ አጥንት ሳይኖር ምኑን ነው የሚያሸው? የሕፃን አጥንት ይሰበራል። ካልሲየምም የተጨበጠ እጅ አይፈታም። ወጌሻ ጋ ሁለቴ ለመሄድ ጊዜ ከተገኘ ጤና ጣቢያ መሄጃው እንዴት ጠፋ? ማሰሩንም ይተዉት። ደህናውን እጅ በለስላሳ ጓንት ለአጭር ጊዜ ሸፍኖ ደካማውን በጨዋታ ማሠራት የሚባል ሕክምና አለ፤ እሱን ግን ባለሙያ አይቶ ነው የሚያዘው፣ በመቀነት አይደለም።

በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ያጽፉ፣ የሕፃናት ሐኪምና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ (እጁን በልምምድ የሚያሠራ) እንዲያዩት። ከመሄድዎ በፊት በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት፦ ዳቦ ሲበላ፣ ሲድህ፣ ሲለብስ፣ በአንድ እጅ የማይያዝ ባዶ ሃይላንድ ሲሰጡት። ሁለቱም እጆች ይታዩ፣ አያግዙት። ሐኪም ፊት ልጁ ያለቅሳል፣ አንገትዎ ላይ ይጣበቃል፣ በዚያች አጭር ሰዓት እጁ ምን እንደሚችል ማን ያያል? ውሎውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የእናንተ ወሬ የምርመራው ግማሽ ነው። ቀን የሚይዙት አማትዎ ከሆኑ እሳቸውም ይምጡ፣ እርስዎ ያላዩትን አይተው ይሆናል። ምጡ እንዴት እንደነበር፣ መቼ እንዳስተዋላችሁ ይናገሩ። እቤት ምን እንዲችል እንደሚፈልጉም ሳይጠየቁ ለባለሙያዎቹ ይንገሯቸው፣ ልምምዱ የሚመረጠው ከዚያ ነው።

እንደሚጥል በሽታ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ትናንት ይሠራ የነበረ እጅ ዛሬ በድንገት ከዛለ ግን ሪፈር ቀጠሮ ሳይሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።