ጀርባዬን ብወጋ ሽባ እሆን ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። 43 ዓመቴ ነው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ ጣቴ የሚወርድ ህመም ከጀመረኝ ወራት አለፉ። ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስክ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ። ክኒን ስላላሻለኝ ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ የስቴሮይድ መርፌ እንድወጋ መክሮኛል። የሰፈር ሰው ግን «ጀርባህን ካስነካህ ሽባ ሆነህ ትቀራለህ» ይለኛል። ስኳርም አለብኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፍርሃትህ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ከህክምናው የሚሸሸው በዚሁ ነውና። ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ዲስክ በብዛት የሚያስቸግረው ከዚያ በታች ነው፤ መርፌውም የሚገባው እዚያው ታች ነው። መድኃኒቱ የሚፈሰው ደግሞ ነርቮቹን ከሸፈነው ከረጢት ውጪ ነው። ለምርመራ የጀርባ ውሃ ሲቀዳ ነው መርፌው ከረጢቱን አልፎ የሚገባው፤ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም ግን አልልህም። ኢንፌክሽን፣ ደም መቋጠር፣ የነርቭ ጉዳት ከስንት አንዴ ያጋጥማል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2014 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በራጅ እያየ የሚወጋ፣ ሥራውን የለመደ ሐኪም ጋ ሂድ።

አሁን ስለ ጥቅሙ። መርፌው ዲስኩን ወደ ቦታው አይመልሰውም። የሚያደርገው በነርቩ ዙሪያ ያለውን እብጠትና ቁጣ ማብረድ ነው። ከወገብ ህመም ይልቅ ለእግሩ ህመም ይሻላል፤ ሲሠራ እፎይታው ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው፤ ምንም የማይሰማው ሰውም አለ። ደስ የሚለው ነገር፣ የወጣው ዲስክ በጊዜ ብዛት በራሱ ሊሟሽሽ ይችላል። መርፌው ያንን ጊዜ ያለ ስቃይ እንድታልፍ ነው የሚያግዝህ፤ ህመሙ ሲቀል ተኝተህ ካሳለፍከው ግን ከንቱ ነው! ፊዚዮቴራፒ ጀምር፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በጣና ዳር ተራመድ፣ ከባጃጁም በየመሀሉ እየወረድክ ወገብህን አፍታታ። ወጌሻ ጋ ሄደህ ወገብህን እንዳታስጎትት አደራ።

ዋናው የኔ ጭንቀት ስኳርህ ነው። ስቴሮይድ ስኳርን ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ከፍ ያደርጋል። ከመወጋትህ በፊት ተለካ፣ ከተወጋህም በኋላ በየቀኑ ተለካ። አሁን ስኳርህ ከፍ ብሎ ከሆነ እስኪስተካከል መርፌውን ማቆየት ይሻላል። የስኳር መድኃኒትህን በራስህ አትጨምር፤ ከሚከታተልህ ሐኪም ጋር አስቀድመህ ተነጋገር። የደም ማቅጠኛም የምትወስድ ከሆነ ሳትደብቅ ተናገር።

ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወይም ጭራሽ እምቢ ካለህ፣ በብልትህና በመቀመጫህ ዙሪያ ከደነዘዘህ፣ እግርህ እየዛለ መጎተት ከጀመረ ግን መርፌ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። ቀንም ሆነ ሌሊት፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ገስግስ፤ ነርቩን ለማትረፍ አስቸኳይ ቀዶ ህክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

በመርፌው ቀን ደግሞ ባጃጁን ራስህ አትንዳ። ከስቴሮይዱ ጋር ማደንዘዣ ስለሚቀላቀል እግርህ ለጥቂት ሰዓታት ሊዝል ይችላል፤ ከሥራ ጓደኞችህ አንዱ ያድርስህ፣ እሱው ይመልስህ።